ስንዱ ገብሩ፦ ከአሲናራ ደሴት እስከ ፓርላማ

በኢየሩሳሌም፣ ኢትዮጵያ ጎዳና በሚባለው መንገድ ላይ ባለው ገዳም ፒያኖ እየተጫወቱ የኖሩ አንዲት መነኩሲት ነበሩ፤ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ። ወደ ኢየሩሳሌም የመጡት እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የእኛ ሰው በሱዳን በኩል መንገድ ላይ በነበረበት ዓመት ማለት ነው። በ2023 በ99 ዓመታቸው ሲያርፉ የዓለም ጋዜጦች ጻፉላቸው፤ ሙዚቃቸውን ዛሬ ወጣቱ ሁሉ በስልኩ ያዳምጠዋል። ታላቅ እህታቸው ግን ብዙም አይነሱም። በአጋሚም ሆነ በሌላው የአሽቀሎን ሰፈር ያሉ ከጎንደር የመጡ አባቶችና እናቶች የአባታቸውን የከንቲባ ገብሩን ስም ሰምተው ይሆናል። ልጃቸው ወይዘሮ ስንዱ በኢትዮጵያ ታሪክ በሕዝብ ድምፅ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት የጣሊያን እስረኛ እንደነበሩ፣ ከእስር ወጥተው ደግሞ የጦርነቱን ነገር በመጽሐፍና በመድረክ ያቆዩ ደራሲ መሆናቸውን የሚያውቅ ከዚያም ያነሰ ነው።

ስንዱ ገብሩ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1916 አዲስ ዓለም ነው፤ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ባለችው፣ አጼ ምኒልክ አንድ ጊዜ መናገሻ ሊያደርጓት አስበው በነበረችው ከተማ። ዓመቱ የሁከት ዓመት ነበር። ልጅ ኢያሱ ከዙፋን የወረዱት፣ የሰገሌ ጦርነትም የተደረገው በዚያው ዓመት ነው። እናታቸው ወይዘሮ ካሣዬ የለምቱ ይባላሉ።

አባታቸው ከንቲባ ገብሩ ደስታ በዚያ ዘመን እንደሳቸው ያለ ሰው ማግኘት ቀላል አልነበረም። በልጅነታቸው ከአውሮፓ ሚሲዮናውያን ጋር ውለው፣ ውጭ አገር ተምረው፣ የፈረንጅ ቋንቋ አውቀው የተመለሱ ናቸው። ሚሲዮን የሚለው ቃል ሲነሳ የእኛ ሽማግሌዎች ፊታቸውን እንደሚያጠቁሩ አውቃለሁ፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። በአያቶቻችን መንደር ሚሲዮኑ ያደረገውን እናስታውሳለን። ብቻ ታሪክ እንደሆነው ነው የሚነገረው፤ በዚያ ዘመን የፈረንጅ ትምህርት የሚገኘው በዚያ በር ነበር። ገብሩ የተማሩትን ይዘው ለመንግሥት ሠሩ። የጎንደር ከንቲባ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ አሜሪካ ከተላከው የኢትዮጵያ መልእክተኛ ቡድን ጋር ሄደው ዋሽንግተን ላይ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ፊት ቆመዋል። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጀመሪያው ፓርላማ ሲቋቋም ከሹማምንቱ አንዱ ነበሩ።

የእኒህ ሰው ትልቁ ሥራ ግን፣ እኔ እንደሚመስለኝ፣ ሹመታቸው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ መላካቸው ነው። ስንዱ ያኔ አሥራ ሁለት አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ታናሽየዋ የውብዳር፣ በኋላ እማሆይ ጽጌ ማርያም የተባሉት፣ ገና የስድስት ዓመት ሕፃን ነበሩ። ጉዞው በባቡር እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ነው።

እስቲ ይህን ነገር በዚያ ዘመን ዓይን እንየው። በአማራውም ሆነ በእኛ በቤተ እስራኤል መንደር አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጅ ምን ትሆን ነበር? ትታጫለች። ሽማግሌ ተልኮ፣ ጥሎሽ ተቆርጦ፣ ቀን ተቀጥሮ ትዳራለች። ትምህርት ቢኖር እንኳ ለወንድ ልጅ ነው፤ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ትፈጫለች፣ ጥጥ ትፈትላለች። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አቶ ዮና ቦጋለ በጎንደር ዙሪያ ትምህርት ቤት ሲያስከፍቱ ይህ ልማድ ገና አልለቀቀም ነበር። ታዲያ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ አንድ አባት ልጆቹን ባሕር አሻግሮ ለማያውቁት ሰው አደራ ሲሰጥ፣ ዘመድ አዝማዱ ምን እንዳለው መገመት አያቅትም። የተጻፈ ነገር ባይኖርም የዘመድ አፍ እንዴት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

እህትማማቾቹ በስዊዘርላንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ቆዩ። ታናሽየዋ እዚያ ከሙዚቃ ጋር ተዋወቁ። ታላቅየዋ ቋንቋና መጽሐፍ ያዙ፤ ፈረንሳይኛ ተማሩ፣ የአውሮፓን ድርሰትና ቲያትር ቀመሱ። እ.ኤ.አ. በ1933 አካባቢ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ስንዱ የአሥራ ሰባት ዓመት ወጣት ነበሩ።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ለሴት ልጆች የተከፈተ አንድ አዲስ ትምህርት ቤት ነበር። እቴጌ መነን እ.ኤ.አ. በ1931 ያቋቋሙት ነው፤ በስማቸውም ይጠራ ነበር። የሚያስተምሩትና የሚመሩት በብዛት የውጭ አገር ሴቶች ነበሩ፤ የተማረች ኢትዮጵያዊት ከየት ይምጣ? ይህን ትምህርት ቤት እናስታውሰው፤ በኋላ እንመለስበታለን። ነገሩ ገና ሥር ሳይሰድ ጦርነት መጣ።

የጣሊያን ጦር በጥቅምት ወር 1935 የመረብን ወንዝ ተሻገረ። በመጋቢት 1936 መጨረሻ ማይጨው ላይ የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ፤ በመርዝ ጋዝ የነደደው ሰው ብዛት የሚነገር አይደለም። ንጉሡ በግንቦት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው በጅቡቲ በኩል በመርከብ ወደ ሐይፋ መጡ፤ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ግንቦት 5 ቀን ነው።

ስንዱ ያኔ ሃያ ዓመታቸው ነበር። የተማረ ሰው ቋንቋውን ይዞ ወደ ውጭ ሊሸሽ ይችል ነበር፤ የሸሸም አለ። አንፈርድበትም። እርሳቸው የሄዱት ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ነው። በዚያ በኩል ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ማኅበሩን ከመሠረቱት መካከል ከሆለታ ጦር ትምህርት ቤት የወጡ ወጣት መኮንኖችና ውጭ አገር የተማሩ ልጆች ይገኙበታል፤ መሪያቸው ዶክተር ዓለመ ወርቅ በየነ ነበሩ። የስንዱ ገብሩ ስም ከእነዚህ ጋር ነው የሚነሳው። ሐበሻ ስለ አርበኛ ሲያወራ ጠመንጃውን ነው የሚያወራው፤ ቁስለኛ የሚያጥበው፣ ስንቅ የሚያዘጋጀው፣ መልእክት የሚያደርሰው እጅ ግን በአብዛኛው የሴት እጅ ነበር። ስሙ ሳይጻፍ የቀረው ብዙ ነው።

የምዕራቡ ጦር ብዙ አልቆየም። የጦሩ የበላይ ራስ እምሩ በታኅሣሥ 1936 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ተከበው እጃቸውን ሰጡ። ስንዱም በጠላት እጅ ገቡ።

ከዚያ ነው የካቲት 12 የመጣው። እ.ኤ.አ. የካቲት 19 ቀን 1937 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባ የደም ከተማ ሆነች፤ ቤቱ ከነሰው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ጣሊያኖች የተማረውን ሰው ለይተው ነው የፈጁት። ምክንያታቸው ግልጽ ነው፤ የሚያስበውን ከቆረጥህ ቀሪው ይገዛል ብለው ነው። አገሪቱ ከጦርነቱ በፊት በብዙ ድካም ያስተማረቻቸው ወጣቶች ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ ተቀበሩ። ከከንቲባ ገብሩ ቤተሰብም ሦስት ሰው በጣሊያን እጅ ተገድሏል።

ከሞት የተረፉት መኳንንትና የታወቁ ሰዎች በመቶ እየተቆጠሩ ወደ ጣሊያን አገር ተጋዙ። የገብሩ ቤተሰብ ከነዚህ አንዱ ነበር። ስንዱም፣ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመቷ የውብዳርም።

የተወሰዱበት ቦታ አሲናራ ይባላል። ከሰርዲኒያ በስተ ሰሜን ምዕራብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ድንጋይና ነፋስ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሺህ የሚቆጠሩ የጦር ምርኮኞች በኮሌራና በረሃብ ያለቁባት መሬት ናት። በኋላ ዘመን ደግሞ የጣሊያን መንግሥት ጠንካራ ወህኒ ቤት አደረጋት። ኢትዮጵያውያኑ በዚች ደሴት ላይ ከነልጆቻቸው ታጎሩ። የንጉሡ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ከሕፃናት ልጆቻቸው ጋር እዚያ ታስረዋል፤ ባላቸው ደጃዝማች በየነ መርዕድ አገር ቤት ተገድለው ነበር። ልዕልቲቱ አገራቸውን ዳግም ሳያዩ በ1940 ቶሪኖ ላይ አረፉ። በድብቅ ለአርበኞች ስንቅና መረጃ ያቀብሉ የነበሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌም ወደዚያው ተግዘዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአንድ ደሴት ላይ ንጉሣውያን፣ መኳንንት፣ ቄሶች፣ ነጋዴዎች፣ የተማሩ ወጣቶች አንድ ላይ ሲታሰሩ ሌላ ሥራ የለም፤ ይወራል። ማን የት እንደወደቀ፣ ማን እንዴት እንደሞተ፣ የትኛው መንደር እንደተቃጠለ። ሁሉም የራሱን ቁራጭ ይዞ ነው የመጣው። በቃል ያለ ነገር ደግሞ ባለቤቱ ሲሞት አብሮ ይቀበራል። እኛ ይህን እናውቃለን። በሱዳን መንገድ አራት ሺህ ያህል ሰው አልቆብን፣ ስማቸው በሔርጽል ተራራ ላይ እስኪጻፍ ስንት ዓመት ፈጀ? ስንቱስ እናት የልጇን ስም ብቻዋን ይዛ ኖረች?

ስንዱ ገብሩ ከእስር በኋላ የሠሩትን ሥራ ሳስብ የሚታየኝ ይህ ነው። የሰው ስም እንዳይጠፋ መጻፍ።

የገብሩ ቤተሰብ ከአሲናራ ኔፕልስ አጠገብ ወዳለው መርኮሊያኖ ተዛውሮ ነበር። በመጨረሻ ወደ አገር ተመለሱ። ንጉሡ ግንቦት 5 ቀን 1941 አዲስ አበባ ገቡ፤ የጣሊያን ጦር ግን ጎንደር ላይ እስከ ኅዳር ድረስ አልለቀቀም። የኩልቋል በርን ጦርነት ወላጆቻቸው ያወሩላቸው አንባቢዎች ዛሬም አሉ።

ነጻነቱ ሲመጣ አገሩ ባዶ ነበር። አስተማሪ የለ፣ መጽሐፍ የለ። ከተማሩት ብዙዎቹ መቃብር ውስጥ ናቸው። የተረፉት ጥቂቶች ከአቅም በላይ ሥራ ወደቀባቸው። ስንዱ ወደ ትምህርት ሥራ ገቡ፤ ቅድም ያነሳነው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትም የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። እስከዚያ ድረስ የሴቶች ትምህርት ቤት በፈረንጅ ሴት ነበር የሚመራው። ልጆቹ በየቀኑ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲቆሙ ከፊታቸው የምትቆመው ሴት እንደነሱው ጠይም፣ እንደነሱው አማርኛ ተናጋሪ፣ ያውም የጣሊያን እስረኛ የነበረች ሰው ስትሆን ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ያኔ ለአንዲት ልጅ መማር ማለት ፈረንጅ መሆን ይመስላት ነበር፤ ወላጅም የሚፈራው ይህንኑ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ግን ፈረንሳይኛውን አውቀው በአማርኛ የሚጽፉ፣ ስዊዘርላንድ ተምረው ለአገራቸው የታሰሩ ሴት ነበሩ።

መጽሐፋቸው «የልቤ መጽሐፍ» ይባላል። አዲስ አበባ ላይ የታተመው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1942 ዓ.ም ነው። በዚያን ጊዜ በአማርኛ የሚታተመው መጽሐፍ ራሱ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ደራሲዎቹም ከሞላ ጎደል ወንዶች ናቸው። ባላባት፣ የቤተ ክህነት ሊቅ፣ የመንግሥት ሹም። በዚያ መካከል አንዲት ሴት ልቤ ብላ ርዕስ ሰጥታ መጽሐፍ አወጣች። ርዕሱን ልብ በሉልኝ። የመንግሥት ታሪክ አላሉትም፣ የጀግኖች ገድልም አላሉትም። ውስጡ ግን ጦርነቱ ነው፤ አርበኛው፣ ስደቱ፣ የተቃጠለው አገር። «ኮከብህ ያውና ያበራል ገና» የሚለው ቲያትራቸውም በዚሁ ውስጥ ይገኛል።

አንዳንድ ሰው የዚያን ዘመን ድርሰት ሲያነብ ንጉሥ ማወደስ የበዛበት፣ አገር አገር የሚል ብቻ ይመስለዋል። እውነት ነው፣ ዘመኑ እንደዚያ ነበር፤ ሳያወድስ የሚታተም መጽሐፍም አልነበረም። የወይዘሮ ስንዱ ሥራም ከዘመኑ የወጣ አይደለም። ልዩነቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ሌላው ስለ ጦርነቱ ሲጽፍ ከጦር አዝማቹ ድንኳን ይጀምራል። እርሳቸው ግን ጦርነቱን በሴት ዓይን ያዩ፣ በእስር ያሳለፉ ናቸው፤ ከኋላ የቀረው ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃሉ።

ትልቁን ድካማቸውን ያፈሰሱት ግን በቲያትር ላይ ነው። ሃያ ያህል ቲያትር እንደጻፉ ይነገራል፤ ብዙዎቹ የተጻፉት ተማሪዎቻቸው እንዲጫወቷቸው ነው። ይህን ለመረዳት የአማርኛ ቲያትር ከየት እንደመጣ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን የጻፉት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ናቸው፤ አውሬዎችን አስመስሎ ሹማምንቱን የሚነካ ነበርና ንግሥት ዘውዲቱ ከለከሉት። ከዚያ በኋላ ቲያትር ትምህርት ቤት ውስጥ ተሸሽጎ ነው ያደገው። ዮፍታሔ ንጉሤም ያስተማሩትና ያስጫወቱት ተማሪ ነው። ታዲያ በመድረኩ ላይ ሴት የለችም። እናት ስትሆን ወንድ ነው፣ ሙሽራ ስትሆን ወንድ ነው፣ ንግሥት ስትሆንም ጎረምሳ ነጠላ አጣፍቶ ይወጣል። በአደባባይ ቆማ የምትናገር ሴት እንደ አዝማሪ ነበር የምትታየው፤ አዝማሪ ማለት ደግሞ ያኔ ስድብ ነው። የጨዋ ልጅ መድረክ ላይ ልትወጣ? ወላጅ ይሞታታል እንጂ አይፈቅድም።

ስንዱ ገብሩ ይህን ያሸነፉት በክርክር አይመስለኝም። የሴቶች ትምህርት ቤት ነው፤ የሚጫወቱት ሴቶች ናቸው፤ የሚታየው የአርበኞች ታሪክ ነው። ዳይሬክተሯ የከንቲባ ገብሩ ልጅ ናቸው። ማን ምን ይላል? እንዲህ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ የጨዋ ልጅ በሰው ፊት ቆማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድትናገር አለማመዱ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ፣ ዓይኗን ወደ መሬት እንድታደርግ በምትማርበት አገር አንዲት ተማሪ ጀግና ሆና ስትጮህ ወላጆቿ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ከዚያ በኋላ ቤቷ ስትመለስ ያች ልጅ እንደቀድሞዋ ትሆናለች ወይ? እኔ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ፓርላማው እንምጣ። አጼ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1955 ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ። አዲሱ ሕግ የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ አባላት በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጡ፣ ሴቶችም ድምፅ እንዲሰጡና እንዲመረጡ ፈቀደ። የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1957 ነው። ያ ፓርላማ ብዙ ሥልጣን ነበረው ማለት አይቻልም፤ የመጨረሻው ቃል የንጉሡ ነበር፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልተፈቀደም። ቢሆንም ምርጫ ምርጫ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ተወዳደሩ፣ ተመረጡ። ከሁለት መቶ በላይ ወንዶች ባሉበት አዳራሽ ገብተው ወንበራቸውን ያዙ።

ነገሩን ከዓለም ጋር ስናስተያየው ደግሞ የሚገርም ነው። የተማሩባት ስዊዘርላንድ ለሴቶቿ በአገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የሰጠችው በ1971 ነው። ማለትም ያስተማሯቸው የስዊዘርላንድ ሴቶች ለፓርላማ ድምፅ መስጠት ሳይፈቀድላቸው፣ ተማሪያቸው በአዲስ አበባ የሕዝብ እንደራሴ ሆነው አሥራ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር። በእኛ በኩል ፕኒና ታማኖ ሻታ ከኢትዮጵያ የመጣች የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ክነሴት የገባችው በ2013 ነው፤ ከወይዘሮ ስንዱ 56 ዓመት በኋላ።

በ1960 የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያው ዓመት ነው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የወጣው። ይህ ሕግ ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ነበር፤ ስለ ውል፣ ስለ ርስት፣ ስለ ጋብቻ አንድ ወጥ ሕግ አመጣ። የጋብቻውን ክፍል ላነበበ ሰው ግን ነገሩ ይጎረብጣል። ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነው ይላል፤ ሚስት በሕጋዊ ነገር ሁሉ ልትታዘዘው ይገባል ይላል። የጋብቻ ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አደረገ። በዚያ ምክር ቤት ውስጥ የሴቶችን ነገር አንስታ የምትከራከር ሴት ነበረች፤ ግን አንድ ድምፅ አንድ ድምፅ ነው። ወንዶቹ ያጸደቁት የለመዱትን ነው።

ይህን የምጽፈው ወንዶቹን ለመውቀስ አይደለም። በጎንደር መንደሮቻችን አሥራ አምስትም ብዙ ነበር፤ ሕጉ ሲወጣ ከልማዱ ሻል ያለ ነው የመሰለን። እዚህ አገር መጥተን ልጃገረድ እስከ 17፣ በኋላም እስከ 18 ዓመቷ እንደማትዳር ስንሰማ ግራ የገባን ሰዎች ነን። ታዲያ የኢትዮጵያ ሕግ ራሱ ያንን አንቀጽ የሻረው በ2000 ነው፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ሆነ፣ ባልና ሚስት በቤታቸው እኩል ሆኑ። ወይዘሮ ስንዱ በሕይወት ነበሩ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነበር። አርባ ዓመት ጠብቀው አዩት።

ከፓርላማው በኋላ ያለውን ዘመን ባጭሩ እናልፋለን። በምዕራብ ጀርመን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ሠርተዋል። በ1974 አብዮቱ መጣ፤ የቆየው መንግሥት ፈረሰ፤ የሚያውቋቸው ሰዎች ብዙዎቹ ታሰሩ፣ ተገደሉ፣ ተበተኑ። ወጣትነታቸውን በአንድ አገር ውድቀት ያሳለፉ ሴት በሽምግልናቸው ሌላ ውድቀት አዩ። ደርግም በተራው ሄደ፣ ሌላ መጣ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ታናሽ እህታቸው በገዳም ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም፣ በኋላም ኢየሩሳሌም። በአንድ መርከብ የተሳፈሩ ሁለት ሕፃናት፣ አንዲቱ ዓለምን ትታ ጸሎትና ፒያኖ ያዘች፣ አንዲቱ በዓለም መካከል ቆማ ተሟገተች። የትኛዋ የአባቷን ሐሳብ እንደፈጸመች ለመናገር ይከብደኛል፤ ምናልባት ሁለቱም።

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው የታናሽየዋን ነው። ሙዚቃ ቋንቋ አይጠይቅም፤ ጃፓንም አሜሪካም ያዳምጠዋል። የታላቅየዋ ሥራ በአማርኛ ነው፤ ያውም በአሮጌ አማርኛ፣ በአሮጌ ወረቀት። «የልቤ መጽሐፍ»ን የሚፈልግ ሰው እንደ ልቡ አያገኘውም። ለመድረክ የተጻፉት ቲያትሮች ደግሞ ከመጋረጃው ጋር የሚዘጉ ናቸው፤ ብዙዎቹ በመጽሐፍ አልወጡም። በቤታችሁ፣ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ፣ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካለ ለልጅ ልጅ አሳዩት፤ ማንበብ ባይችል እንኳ ሽፋኑን ይይ።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ያረፉት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2009 ነው። ዕድሜያቸው 93 ነበር።

ያስተዳደሩት ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የእቴጌይቱ ስም ከበሩ ተነሣና ሌላ ስም ተሰጠው። አዲሱን ስም የሰጡት ሰዎች የቀድሞዋን ዳይሬክተር አስበው አይመስለኝም። ብቻ ያወጡለት ስም የካቲት 12 ነው።